የሳል ሽሮፕ ጠጥቶ «ደህና ተኝቷል» የምንለው ልጅ

ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ከልብሱና ከጫማው ጋር የሳል ሽሮፕ አብሮ መምጣቱ የተለመደ ነው። ያለ ሐኪም ማዘዣ የተገዛ በመሆኑ ማንም እንደ ከባድ መድኃኒት አይቆጥረውም፤ ለአያት የተላከው ለልጅ ልጅ ይተርፋል፣ በሾርባ ማንኪያ ይለካል፣ ሳሉ አልታገሥ ካለም ይደገማል። ልማዱ ከደግነት የመጣ ነው። ይሁንና ሽሮፑ ኮዴይን ያለበት ከሆነ፣ እኛ ኢትዮጵያውያን ከብዙዎች ይልቅ ልንፈራው ይገባል የምለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ኮዴይን ከሞርፊን ወገን የሆነ መድኃኒት ሲሆን፣ ጉበት ውስጥ ያለው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል። ይህን ኢንዛይም የሚያዘው ዘረመል በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ ተደራርቦ ይገኛል፤ የእነዚህ ሰዎች ሰውነት ሞርፊኑን ከሌላው ሰው ፈጥኖና አብዝቶ ስለሚያመርተው፣ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ልክ ጠብቀው ቢወስዱ እንኳ አተነፋፈሳቸው በአደገኛ ሁኔታ ሊዳከም ይችላል። ተመራማሪዋ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ከመረመሯቸው 122 ኢትዮጵያውያን መካከል 29 በመቶው ይህ የተደራረበ ዘረመል ነበራቸው፤ በስዊድናውያን ዘንድ የተገኘው መጠን ግን ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። ስለዚህ ስቶክሆልም ያለ ጎረቤት ጠጥቶት ምንም አለመሆኑ፣ አዲስ አበባ ላለ የእህት ልጅ ዋስትና አይሆንም።

የአውሮፓ የመድኃኒቶች ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 ኮዴይን ለሳል ተብሎ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ ከልክሏል። አሜሪካ በ2018 ዕድሜውን ወደ 18 ከፍ አድርጋለች። ብሪታንያ ደግሞ የኮዴይን ሽሮፕ በሐኪም ማዘዣ ብቻ እንዲሸጥ በ2024 የወሰነችው፣ ለስካር ብለው የሚጠጡትና በሱሱ የተያዙ ሰዎች ጉዳይ ስላሳሰባት ነው። ከዚያ በፊት የተገዛ ጠርሙስ ግን ዛሬም በየቤቱ ሊገኝ ይችላል፤ ሳይከፈት ወደ ፋርማሲ ቢመለስ ይሻላል። የምታጠባ እናትም ሞርፊኑ በጡቷ ወተት ወደ ሕፃኑ ስለሚያልፍ ይህን ሽሮፕ መውሰድ የለባትም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ አደጋው መልካም ዜና መስሎ መምጣቱ ነው። ሌሊቱን ሲስል ያደረ ልጅ ሽሮፑን ከጠጣ በኋላ ጸጥ ብሎ ሲተኛ፣ ቤተሰቡ «ተመስገን፣ ተሻለው» ብሎ መብራቱን ያጠፋል። ያ ልጅ ሲቀሰቅሱት በቅጡ የማይነቃ፣ ትንፋሹ የሚዘገይና የሚቆራረጥ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ የጠበበ ከሆነ እንቅልፍ አልወሰደውም፤ ሞርፊኑ በዝቶበታል፤ ስለዚህ ንጋትን ሳይጠብቁ ጠርሙሱን ጭምር ይዞ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያስፈልጋል።