ፍለጋውንም አስቡበት

ስለ መተግበሪያ ገጽ ንድፍ ያወጣችሁት ጽሑፍ ስለ ቀለም፣ ስለ ባዶ ቦታና ስለ ቁልፎች አቀማመጥ ያነሳቸው ምክሮች ተመችተውኛል። ግን በአማርኛ መተግበሪያ ለሚሠራ ሰው አንድ ትልቅ ነገር ቀርቷል፤ ፍለጋው። ለአንድ ሱቅ የዱቤ መመዝገቢያ ሠርቼ ነበር። እናትየው «ፀሐይ» ብለው የመዘገቧትን ደንበኛ ልጃቸው «ጸሀይ» ብሎ ፈልጎ አጣት፣ ከዚያ እንደ አዲስ መዘገባት፣ አንዷ ሴትዮ ሁለት ሂሳብ ይዛ ቁጭ አለች። ለኮምፒውተሩ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። እኛ ግን እንደ አንድ ነው የምናነባቸው።

ያስተካከልኩት እንዲህ ነው። ሰው የጻፈውን እንዳለ አስቀምጡለት፣ ስሙን አትንኩበት። መረጃው በሚቀመጥበት ሰንጠረዥ ላይ ለፍለጋ ብቻ ሌላ ዓምድ ጨምሩና እዚያ ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይሩ። ተጠቃሚው የሚጽፈውንም በዚያው መንገድ አሳልፉት። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን በሙሉ ማለቴ ነው፣ ሀ እና ሃንም አንድ ማድረግ እንዳትረሱ።

የቀን መምረጫውም 13 ወር ይኑረው እባካችሁ! ጳጉሜን 5 ቀን፣ አንዳንዴም 6 ቀን አላት፤ እሷን የዘለለ ቅጽ በዚያን ሰሞን የተወለደን ሰው ልደት ያሳስተዋል። ሰዓት ላይ ደግሞ «3:00» ብቻ አትጻፉ። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ሲባል ነው ሰው ቀጠሮው የማይምታታበት።