ድረ ገጽ ስለተከፈተ መረጃ አይጎርፍም

«መንግሥት የያዘውን መረጃ ለሕዝብ የሚለቅበት ጥሩ ድረ ገጽ ከከፈተ ሌላው በራሱ ይመጣል፤ የሚከሽፈው ቴክኖሎጂ ስለሌለ ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው፣ ግን ልክ አይደለም። ጎረቤታችንን ኬንያን ተመልከት።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 የአገሪቱን የመረጃ ድረ ገጽ ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ ራሳቸው መርቀው ከፈቱት። ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ነበር። የ2009 የሕዝብ ቆጠራ፣ የመንግሥት ወጪ፣ የትምህርት ቤቶችና የጤና ተቋማት መረጃ ተጭኖበታል። የኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ሚኒስቴር ቋሚ ጸሐፊ ቢታንጌ ንዴሞም ወጥረው ይዘውት ነበር። ቴክኖሎጂውም ዘመናዊ ነበር።

ታዲያ ምን ጎደለ? አዲስ መረጃ! መሥሪያ ቤቶቹን «አምጡ» የሚል ሕግ አልነበረም፤ መረጃ የማግኘት ሕጉ የጸደቀው በ2016 ነው። መረጃውን የያዘው ሹምም ቢሰጥ ምን እንደሚጠቀም አልታየውም። ያረጀ ሰንጠረዥ ለማየት ደግሞ ማንም ተመልሶ አይመጣም።

የለንደን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤትን ከዚህ ጋር አስተያየው። የሚለቀው መረጃ አውቶቡሱ አሁን የት እንደደረሰ ነው። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ለዕለት ሥራው ስለሚፈልገው መረጃው አያረጅም። ፌርማታ ላይ ቆሞ ስልኩን የሚያይ ሰው ደግሞ ስህተት ካለ ወዲያው ያውቃል። በዚህ መረጃ ከ600 በላይ መተግበሪያዎች ተሠርተዋል። አማካሪ ድርጅቱ ዴሎይት በ2017 ባወጣው ግምት ጥቅሙ በዓመት እስከ 130 ሚሊዮን ፓውንድ ይደርሳል። ይህን ያመጣው የድረ ገጹ ማማር አይደለም፤ በየቀኑ መረጃውን የሚፈልግ ሰው መኖሩ ነው።