የብሩ መልእክትና ማስታወቂያው በአንድ በር አይግቡ

ባለፈው ሳምንት ሰፈራችን ካለው አትክልት ቤት ሽንኩርትና ቲማቲም ገዛሁ። ብሩን በስልክ ላክሁ። ባለሱቋ ስልኳን አየት አድርጋ «ገና አልገባም» አለችኝ። ቆምን። ከኋላዬ ሰው ተሰለፈ። በመጨረሻ አፑን ከፍታ ስታይ ብሩ ቀድሞ ገብቷል። ታዲያ ኖቲፊኬሽኑ ለምን አልመጣም? ራሷ ዘግታዋለች። «በየማታው ይሸለሙ፣ ይሸለሙ ይለኛል። ልጄን ስንቴ ቀሰቀሰብኝ» አለች።

አልፈርድባትም። ማስታወቂያውን ስትዘጋ የገንዘቧም ወሬ አብሮ ተዘጋባት።

እንዲህ መሆን አልነበረበትም። አንድሮይድ ከ8ኛው ስሪት ጀምሮ፣ ማለትም ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ኖቲፊኬሽንን በየዓይነቱ ለይቶ መላክ ያስችላል። ገቢና ወጪው ለብቻ፣ ማስታወቂያው ለብቻ። ተጠቃሚው አንዱን ዘግቶ ሌላውን ይተዋል። መንገዱ እያለ ሁሉን አንድ ላይ ማጨቅ ለደንበኛ አለማሰብ ነው።

ሌላው ፈቃድ የሚጠየቅበት ሰዓት ነው። አይፎን ላይ ያለ ፈቃድ ኖቲፊኬሽን አይላክም፤ ከአንድሮይድ 13 ወዲህም እንዲሁ ሆኗል። ብዙዎቹ አፖች ግን ገና ሲከፈቱ ይጠይቃሉ። ሰውየው ምን እንደሚላክለት አያውቅም፤ «አልፈልግም» ብሎ ያልፋል። አይፎን ላይ ደግሞ ያ ጥያቄ የሚመጣው አንዴ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ክፍያ ሲፈጽም «ብር ሲገባልዎ እናሳውቅዎ?» ቢባል ግን ማን እምቢ ይላል?

ቋንቋ የሚያስተምረው ዱኦሊንጎ በመጎትጎት ይታወቃል። እሱ እንኳን ሰው ለቀናት ዝም ሲለው፣ ማስታወሻው የሠራ እንደማይመስልና ለጊዜው እንደሚያቆም ነግሮ ይተዋል። ዝምታም መልስ ነው። የእኛዎቹ አፖች ይህን ቢለምዱ ደስ ይለኛል።

የአፕ ባለቤቶች ስንት ሰው ኖቲፊኬሽኑን ነክቶ እንደገባ ይቆጥራሉ። ስንቱ እንደዘጋውም ይቁጠሩ፤ የዘጋ ሰው እኮ በቀላሉ አይመለስም። ማታ 4 ሰዓት ላይ የሚላክ የሽልማት ወሬ ለማን ይጠቅማል? ነገ ጠዋት ቢደርስ ምን ይጎድላል?

ትናንት የባለሱቋን ስልክ ተቀብዬ ሴቲንጉን አየሁላት። ማስታወቂያውን ለብቻ የሚያጠፋ ነገር የለውም። «መልሼ ላብራልሽ?» አልኳት። «ተወው፣ ልጁ ይተኛልኝ» አለች። አሁንም ደንበኛ በከፈለ ቁጥር እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ አፑን ከፍታ ታያለች።