ማጣሪያ በሌለበት አገር የነዳጅ ኬሚስት ምን ይሠራል?

ባህር ዳር ላይ ቤንዚን ሲጠፋ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ባጃጆች ማደያ ደጃፍ ተሰልፈው ያድራሉ። በሃይላንድ እየተቀዳ በጓሮ የሚሸጠው ዋጋው ጣራ ይነካል። ስለ ነዳጅ የምናወራው ያን ጊዜ ነው፤ እሱም ስለ ሰልፉና ስለ ዋጋው። ድፍድፉ እንዴት ቤንዚን እንደሆነ የሚጠይቅ ብዙም አይገጥመኝም።

የሚጠይቁ ልጆች ግን አሉ። በጎጃም ዩኒቨርሲቲዎች ኬሚስትሪ ተምረው በካታሊስት ላይ፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ የኬሚካል ለውጥን በሚያፋጥን ነገር ላይ፣ ምርምር መሥራት የሚፈልጉ። ከመምህርም ከወላጅም የሚሰሙት ያው ነው፦ «ማጣሪያ በሌለበት አገር ይሄ ምን ያደርግልሃል?» እውነት ነው፣ የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ ካቆመ ወዲህ የምናቃጥለው ሁሉ ተጣርቶ ያለቀለት ነው። ጥያቄው ግን ልክ አይደለም። ስንት ጎበዝ ልጅ ከመንገዱ እንዳስቀረ ሳስበው ያበሳጨኛል።

አረቄ የምታወጣ የጎጃም እናት የማጣሪያን የመጀመሪያ ሥራ ታውቀዋለች። እንስራውን ጥዳ ታፈላለች፣ እንፋሎቱን በመቃ ታሳልፋለች፣ ቀዝቅዞ ይንጠባጠባል። ደግማ ስታወጣው ዳግም ይሆናል። ማጣሪያም ድፍድፉን መጀመሪያ የሚለየው በሙቀት ነው፤ ቤንዚኑ ቀድሞ፣ ላምባው ቀጥሎ፣ ናፍጣው ከዚያ በኋላ። ማፍላት ግን ያለውን ይለያል እንጂ አዲስ ነገር አይፈጥርም። በዚህ መንገድ ብቻ የወጣ ቤንዚን ኦክቴኑ፣ ማለትም ያለ ጊዜው ላለመቀጣጠል ያለው አቅም፣ ዝቅተኛ ነው። ሞተር ውስጥ ያለ ጊዜው ይቀጣጠልና ያንኳኳል። ስለዚህ ሞለኪውሉን ራሱን መቀየር ያስፈልጋል። ካታሊስት የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

የኬሚካል መሐንዲሱን የቭላድሚር ሄንሰልን ሕይወት ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1914 ጀርመን ተወለደ፣ ሞስኮ አደገ፣ በ1930 አሜሪካ ገባ። በ1940ዎቹ የቤንዚንን ኦክቴን በፕላቲነም ከፍ አደርጋለሁ ብሎ ተነሳ። እንዲህ ያለ ውድ ብረት ማጣሪያ ውስጥ መጨመር ለብዙዎች የማይታሰብ ነበር። እሱ ግን ፕላቲነሙን አሉሚና በሚባል ነጭ ጠጣር ላይ በስሱ በተነው። መጠኑ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ያቺው ትንሽ ፕላቲነም ለረጅም ጊዜ እንደምትሠራ አሳየ፤ በ1949ም ዘዴው ማጣሪያ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ሊድ ሳይጨመርበት ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን መሥራት ተቻለ። ሊድ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ሊድ ያለበት የመኪና ቤንዚን ከዓለም ማደያዎች ጨርሶ የጠፋው እ.ኤ.አ. በ2021 አልጄሪያ መሸጥ ስታቆም ነው። የሄንሰል ዘዴ ሌላም በረከት ነበረው። በጎን ሃይድሮጅን ይወጣል፤ ማጣሪያዎች በዚያ ሃይድሮጅንና በኮባልት-ሞሊብዲነም ካታሊስት ከናፍጣ ላይ ሰልፈርን ያስወግዳሉ። ሰውዬው አንድ ኩባንያ ውስጥ ከ40 ዓመት በላይ ሠርቶ፣ ከዚያ ወደ ማስተማር ገባ።

ይህ ሙያ ከነዳጅ ጋር ብቻ የተያያዘም አይደለም። ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን አሞንያ የሚሆኑት በብረት ካታሊስት ላይ ነው፤ ዩሪያ የሚሠራው ከአሞንያ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር የማቻከል ገበሬ ዘገየብኝ እያለ የሚጨነቅበት ማዳበሪያ ያለ ካታሊስት አይኖርም። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ ጎዴ ላይ የማዳበሪያ ፋብሪካና የነዳጅ ማጣሪያ ግንባታ ተጀምሯል። እነዚህ ሲያልቁ፣ ካታሊስታቸው ሲደክም ማን መርምሮ ምክንያቱን ይነግራቸዋል? እንደዚህ ያለ ባለሙያ በአንድ ዓመት ሥልጠና አይደርስም። ዛሬ የሚጀምር ተማሪ ነው ያን ጊዜ የሚደርስላቸው።

እውነተኛው ችግር የማጣሪያ አለመኖር አይደለም። ተማሪው ካታሊስቱን እዚሁ ይሠራዋል። የአሉሚናውን ዱቄት በኮባልት ጨው ያርሰዋል፣ ያደርቀዋል፣ በ500 ዲግሪ አካባቢ ምድጃ ውስጥ ያስገባዋል። ከዚያ መፈተን አለበት፤ ጣጣው የሚመጣው ያኔ ነው። የሃይድሮጅን ሲሊንደር የለም። የወጣውን ነገር ለይቶ የሚለካው መሣሪያ፣ ጋዝ ክሮማቶግራፉ፣ ካለም ተበላሽቶ ቆሟል፤ የሚጎድለው አንዲት ትንሽ ዕቃ ትሆናለች፣ ግን በውጭ ምንዛሪ ነው የምትገዛው። አሁን ደግሞ ጦርነቱ አለ። መንገድ ሲዘጋ ኬሚካልም አይገባም፣ ተማሪም ቤቱ ይቀራል። ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፉ «ሠራሁት» ላይ ያበቃል፤ መሥራት አለመሥራቱ ሳይታወቅ።

እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለየብቻው ሁሉንም ይግዛ አልልም። ባህር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ አንድ የካታሊስት መፈተሻ በጋራ ቢያቋቁሙ ይበቃል። ከማሽኑ በፊት ግን ማሽን መጠገን የሚችል ቋሚ ቴክኒሻን ይቀጠር፣ የመለዋወጫ በጀትም በየዓመቱ ይያዝ። የመጀመሪያው ሥራ ሩቅ አይደለም። ከጣና ማዶ፣ ደብረ ታቦር አካባቢ፣ ካኦሊን የሚባል ነጭ አፈር አለ። ከካኦሊን ዜኦላይት የሚባል፣ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ካታሊስት ይሠራል፤ የዛሬ ማጣሪያዎች ከባዱን ዘይት ሰንጥቀው ቤንዚን የሚያደርጉት በዜኦላይት ነው። የእኛው ካኦሊን ለዚያ ይበቃ እንደሆነ ልጆቹ በራሳቸው መሣሪያ ይለኩት።