«ዝምድና» የሚለው መስመር

ከአንድ ወዳጄ ጋር አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ቤት 11 ዓመት ኖረናል። ጥር ላይ ሌሊት ራሱን ስቶ ወደቀና ሆስፒታል ወሰድኩት። የሰጡኝን ቅጽ ስሞላ የሚወስደውን መድኃኒትና የማይስማማውን ምግብ ሳይቀር በቃሌ ጻፍኩ። «ዝምድና» ከሚለው መስመር ስደርስ እጄ ቆመ። ከዚያም «ወንድም» አልኩ። የአባቶቻችን ስም ግን አይገናኝም።

ሐኪሟ ደግ ነበረች። አጠገቡ እንድቀመጥ አልከለከለችኝም። ስለ ሕክምናው ለመወሰን ግን በፊርማው የወከለው ሰው ስለሌለ ቅድሚያው የሥጋ ዘመድ እንደሆነ ነገረችኝ። ደሴ ለሚኖር ታላቅ ወንድሙ ደወልኩ። እዚያ ረፋድ ነበር፤ ሱቁን ከፍቶ ተቀምጧል። ከተያዩ 20 ዓመት አልፏቸዋል። እያለቀሰ ሰማኝና በአስተርጓሚ በኩል ለሐኪሟ ያላት ይህን ብቻ ነው፦ «ወንድሜ አጠገቡ አለ፤ እሱ ያለውን አድርጉ።» ወንድሜ ያለው እኔን ነው።

ላስታምመው ከሥራ ፈቃድ ፈለግሁ። የ1993ቱ የአሜሪካ ሕግ ያለ ደመወዝ 12 ሳምንት የሚፈቅደው የትዳር ጓደኛን፣ ልጅንና ወላጅን ለማስታመም ነው። የአንድ እናት ልጆች ብንሆን እንኳ አልገባበትም ነበር!

እዚህ ያሉ አንዳንድ ሽማግሌዎቻችን «ጓደኛ ጓደኛ ነው፣ ዘመድ ዘመድ» ይላሉ፤ ባዳን እንደ ሥጋ መቁጠር ከፈረንጅ የተማርነው ይመስላቸዋል። ይህ ያሳዝነኛል። አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ ያጠባ ሰው የጡት አባት የሚሆንበት ሥርዓት የማን ነው? ክርስትና ያነሳና የልጁ ወላጅ አበልጅ ሆነው እንደ ሥጋ ዘመድ ጋብቻ የሚከለከሉትስ? የአባቴን ሚዜ «አጋሼ» እያልኩ ነው ያደግኩት። የደም ዘመዳችን አለመሆኑን ያወቅኩት በ14 ዓመቴ ነው። አባቴ ሲሞት አስከሬኑን ካጠቡትና ከገነዙት አንዱ እሱ ነበር፤ ምኑ ነህ ያለው ሰው አልነበረም። ውርስ ሲጣራ ግን ስሙ አልተነሣም። ኑዛዜ ከሌለ ወዳጅ በአገራችን ሕግም አይወርስም፤ ስለዚህ አገር ቤትን ሁሉ ነገር የተሟላበት አድርጌ አላወራም። ቢሆንም ወዳጅነት እዚያ ምስክር ነበረው፤ ማዕድ ተቆርሶበታል፣ ጎረቤት አይቶታል። እኛ ስደተኞቹ ኪራይ ተካፍለን፣ ሐዘን ተቀምጠን፣ አንዳችን የሌላውን ልጅ አሳድገን፣ ለዚህ ሁሉ ማሩንም ወረቀቱንም ሳናበጅ ዓመታት አለፉ።

ወዳጄ ከሆስፒታል በወጣ በሦስተኛው እሑድ የሕክምና ውክልና ቅጹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋን። ሁለት ጎረቤቶቻችን ለምስክርነት መጡ። እጁ ገና ይንቀጠቀጥ ስለነበር በዝግታ ጻፈ፤ ስሜን፣ ስልኬን፣ አድራሻችንን። «ዝምድና» የሚለው ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ጎንበስ አለና «ወዳጅ» ብሎ ፈረመ።