ትርጓሜው አይቸኩል

ሐዋሳ ውስጥ የሥነ ልቦና ቋንቋ ካፌ ከገባ ቆይቷል። ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለው «ሴት የማታምነው እናትህ ትታህ ስለሄደች ነው»፣ «አለቃሽን የምትፈሪው አባትሽን እያየሽበት ነው» የሚባባሉ ወጣቶች ሞልተዋል። ስለ ስሜት በግልጽ መወራቱ ያስደስተኛል። የሰውን ውስጥ ለመተርጎም ያለው ችኮላ ግን ያሳስበኛል።

የሐሳቡ ምንጭ ሳይኮአናሊሲስ፣ ማለትም የተደበቀ ስሜትን በንግግር የሚመረምር ሕክምና ነው። መሥራቹ ኦስትሪያዊው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ ሰው ራሱ የማያውቀው ፍላጎት እንዳለው፣ እሱም በህልም፣ በአፍ ወለምታና በሕመም ምልክት ብቅ እንደሚል አስተማረ። ያንን መተርጎም የሐኪሙ ሥራ ሆነ።

ችኮላን አጥብቆ የተቃወመውም ፍሮይድ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ስለ አንዲት በጭንቀት የምትሰቃይ፣ ከባሏ የተፋታች ሴት ጻፈ። አንድ ወጣት ሐኪም ገና ሲያያት «ችግርሽ የወሲብ ፍላጎትሽ አለመርካቱ ነው» ብሎ ፈረደባት። ጭንቀቷ ባሰ። ለታማሚ ምክንያቱን ብቻ መንገር፣ በረሃብ ጊዜ የምግብ ዝርዝር እንደማደል ነው አለ ፍሮይድ። ሁለት ነገር መቅደም አለበት፦ ታማሚው ራሱ ወደ ጉዳዩ መቅረብ፣ ከሐኪሙም ጋር መተማመን።

የሐኪሙ ትርጓሜ ትክክል መሆኑ በምን ይታወቃል? ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1937 የሰጠውን መልስ በጣም እወደዋለሁ። የታማሚው «አዎ» ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ «አይ» ማለቱም እንዲሁ። ዋናው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው፤ ተረስቶ የነበረ ትዝታ፣ አዲስ ሐሳብ። እኛ አገር ደግሞ ይሄ በተለይ ይሠራል። ለታላቅና ለተማረ ሰው በይሉኝታ «እሺ፣ ልክ ነው» ብለን ተነስተን እንሄዳለን። አማካሪው ገባው ብሎ ይረካል፤ ሰውየው ግን ዳግም አይመጣም።

እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪምና ሳይኮአናሊስት ዶናልድ ዊኒኮት፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ ለመተርጎም በመቸኮሉ የስንቱን ታካሚ ለውጥ እንዳደናቀፈ በጸጸት ተናግሯል። ቢታገሡት ሰውየው ራሱ ይደርስበታል ባይ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ከሠራ በኋላ እንዲህ ማለቱ ልቤን ይነካዋል።

ዝም ይባል አላልኩም። በጊዜው የተነገረ አንድ ዓረፍተ ነገር የሰውን ሕይወት ሊቀይር ይችላል። ግን እንደ ግምት ይቅረብ፦ «እንዲህ ይሆን እንዴ? ተሳስቼም ሊሆን ይችላል።» ሐዋሳ ውስጥ ሥነ ልቦና ተምራችሁ የምትወጡም፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ሰው የምትመክሩም፣ ይህን በር ለምትመክሩት ሰው ክፍት ተዉለት። የሚቀጥለውን ቃል እሱ ይናገር።