ብቻዬን ለመንዳት የማንን ፈቃድ ልጠይቅ?

ከሥራ ውዬ ስገባ ግማሽ ሰዓት ያህል የመኪና ውድድር ጌም ልጫወት ብዬ ስቀመጥ፣ አስቀድሞ የሚጠብቀኝ ከመቶ ስንት እንደደረሰ እየቆጠረ የሚንቀረፈፍ አፕዴት ነው። እሱ ሲያልቅ ጌሙ ከሰርቨር፣ ማለትም በኢንተርኔት ከሚያስተናግደው የአምራቹ ኮምፒውተር ጋር ለመገናኘት ይሞክራል፤ ሰርቨሩ ለጥገና ከተዘጋ ወይም ኢንተርኔቱ ከተቆራረጠ፣ ከማንም ጋር ሳልወዳደር በባዶ ትራክ ላይ አንድ ዙር ልንዳ ብል እንኳ አይፈቀድልኝም። ጋራዡ ውስጥ መኪኖቼ በየስማቸው ተደርድረው ይታዩኛል፤ ሁሉም ግን ደብዝዘዋል፣ ብነካቸውም አይከፈቱም። ሙሉ ዋጋ ከፍዬ የገዛሁት ጌም ነው።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ እነዚህ ጌሞች ሲጀመሩ እንዲህ እንዳልነበሩ ማወቄ ነው። አታሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣው «ግራን ትራክ 10» መሪ፣ ፔዳልና ማርሽ የተገጠመለት ማሽን ሲሆን፣ ሳንቲም ያስገባ ሰው ወዲያውኑ ይነዳ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው «ናይት ድራይቨር» ደግሞ የዘመኑ ቴክኖሎጂ መንገድ ለመሳል እንኳ ስለማይበቃ፣ በጨለማ ስክሪን ላይ ግራና ቀኝ እየተጠጉ የሚያልፉ ነጭ ችካሎችን ብቻ ያሳይ ነበር፤ የተጫዋቹ መኪናም በኮምፒውተር የተሳለ ሳይሆን ፕላስቲክ ላይ የታተመ ሥዕል ነበር። ያም ሆኖ ሰው መሪውን ጨብጦ በሌሊት እየነዳ እንደሆነ ይሰማው ነበር። በ1982 የናምኮ «ፖል ፖዚሽን» የጃፓኑን የፉጂ ትራክ ከነማጣሪያ ዙሩ አመጣ። በ1986 የሴጋው ዩ ሱዙኪ በ«አውት ራን» መንገድም ሙዚቃም አስመረጠን። በ1989 «ሃርድ ድራይቪን» ባለ ሦስት አውታር ምስል፣ ፍሪሲዮንና እጅን የሚታገል መሪ ይዞ ብቅ አለ። እነዚህን የሠሩ ሰዎች በነበራቸው ጥቂት አቅም ሁሉ የደከሙት ለአንድ ነገር ነው፤ ተጫዋቹ ቶሎ መሪው ላይ እንዲቀመጥ።

የጃፓናዊው ጌም ሠሪ የካዙኖሪ ያማኡቺ ቡድን አምስት ዓመት ያህል ለፍቶበት በ1997 ያወጣው የመጀመሪያው «ግራን ቱሪስሞ» ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ያ ዲስክ ካልተጫረ፣ ኮንሶሉም (የጌም ማጫወቻው) ካልተበላሸ ዛሬም ይሠራል፤ በብዙ ድካም የተሰበሰቡት መኪኖችም በሜሞሪ ካርዱ ላይ በባለቤቱ እጅ አሉ።

አሁን ወዳለንበት ስንመጣ፣ በ2014 የወጣው የዩቢሶፍት «ዘ ክሩ» ብቻውን ለሚጫወት ሰውም ጭምር የኢንተርኔት ግንኙነት ግዴታ ስለነበረበት፣ ሰርቨሩ እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2024 ሲዘጋ ዲስኩን በእጁ የያዘ ገዢ ሁሉ ምንም ሊጫወትበት የማይችል ዕቃ ታቅፎ ቀረ። «ግራን ቱሪስሞ 7» በማርች 2022 በወጣ በሁለት ሳምንቱ ገደማ በአንድ አፕዴት ችግር የተነሳ አብዛኛው ክፍሉ ከአንድ ቀን በላይ ተዘግቶ ነበር። በዚያው አፕዴት አንዳንድ ውድድሮች የሚያስገኙት ክሬዲት፣ ማለትም መኪና የሚገዛበት የጌሙ ውስጥ ገንዘብ ተቀንሷል፤ ክሬዲቱ ደግሞ በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጣል። ከተጫዋቾች ቁጣ በኋላ ማካካሻ መሰጠቱን አልክድም። ኢንተርኔቱ ያስፈለገው የጌሙን መረጃ እየነካኩ የሚያጭበረብሩትን ለመከላከል ነው ተብሏል፤ ብቻዬን ስነዳ ግን የማጭበረብረው ማንን ነው? ከሌሎች ጋር በምወዳደርበት ሰዓት ይቆጣጠሩኝ፣ አልቃወምም።

የመኪና ጌም ከሌሎች ጌሞች የባሰ ጣጣ ያለበት መሆኑ ይገባኛል። የመኪና አምራቾች ስምና ምልክት፣ ትራኮቹና ሙዚቃው ሁሉ በጊዜ በተገደበ ፈቃድ የሚገቡ ናቸው፤ «ፎርዛ ሆራይዘን 4» በዲሴምበር 2024 ከሽያጭ የወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሆኖም ቀድሞ የገዛው ሰው ዛሬም ሊነዳው ስለሚችል፣ የፈቃድ ማብቃት የገዢን ጌም ለመዝጋት ሰበብ ሊሆን አይገባም።

ከ«ዘ ክሩ» መዘጋት በኋላ የጌም ቪዲዮዎች የሚሠራው ሮስ ስኮት የተሸጡ ጌሞች ከጥቅም ውጭ እንዳይደረጉ የጀመረው ዘመቻ በ2025 በአውሮፓ ኅብረት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ ማሰባሰቡ ቅሬታው የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። ሰርቨር ማቆየት ወጪ አለው የሚለው መልስ እውነት ነው፣ ግን ለዘላለም ይቆይልን ያለ የለም። «ግራን ቱሪስሞ ስፖርት» በጃንዋሪ 2024 ሰርቨሩ ሲዘጋ፣ ብቻውን የሚጫወት ሰው ያለ ኢንተርኔት እንዲቀጥልና ውጤቱንም በኮንሶሉ ላይ እንዲያስቀምጥ አስቀድሞ በአፕዴት ተስተካክሏል። ስለዚህ አይቻልም የሚለኝን አላምንም። ይህ ሥራ ጌሙ ሊዘጋ ሲል ሳይሆን ገና ሲሠራ ይታቀድ፤ ሰርቨሩ ቢያንስ እስከ መቼ እንደሚቆይና ከዚያ በኋላ የትኛው ክፍል እንደሚሠራ ከዋጋው ጎን በግልጽ ይጻፍልኝ፤ መግዛት አለመግዛቱን ያኔ እኔ እወስናለሁ።